የእንቁጣጣሽ ሥዕልና የልጆች ንባብ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የእንቁጣጣሽን ዋዜማ መቼም አይረሳውም። ወንዶቹ ልጆች ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ እየሣሉ በቀለም እርሳስ ሲያደምቁ ያመሻሉ፤ ሴቶቹ አበባየሆሽን ይለማመዳሉ። ሲነጋ ሥዕሉ በየጎረቤቱ ደጅ ይዞራል፤ ሳንቲምም ይገኝበታል። ከሥዕሉ ግርጌ ታዲያ ብዙ ጊዜ አንድ መሥመር ጽሑፍ አይጠፋም፤ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚል። ፊደሉ ይንጋደዳል፤ «አሸጋገራችሁ» «አሰጋገራችሁ» ሆኖ ይገኛል። ቢሆንም ተቀባዩ አንብቦ፣ ስቆና መርቆ ይሸኛል። ለብዙ ልጅ ከትምህርት ቤት ውጭ፣ ሰው ያነብልኛል ብሎ የጻፈው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፣ በቶሮንቶም ሆነ በሪያድ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው አማርኛ ማንበብ አለመቻላቸውን እያነሡ ሲቆጩ ይህች ወረቀት ትዝ የምትለው ሰው ጥቂት ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ያው የግድግዳ ገበታ ነው፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231። ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ቋንቋ ሲማር የሰነበተ የአምስት ዓመት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ከዚህ ገበታ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ መዝሙር ይወጣዋል። ከመካከል አንዱን ነጥለው ሲያሳዩት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኘውም። ገበታው አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ቀድሞ መምጣት ያለበት ግን እሱ አይደለም።

«አበባ» የሚለውን ቃል ለአፍታ ልብ ማለት ይበቃል። በውስጡ «በ»ና «ባ» ጎን ለጎን ቆመዋል። ልጁ ከቢጫ ወረቀት አደይ አበባ ቆርጦ፣ በሙጫ ለጥፎ ከሥሩ ስሟን ሲጽፍ የ«በ» ሁለት እግሮች እኩል መሆናቸውን፣ የ«ባ» ግራ እግር ግን ማጠሩን በገዛ እጁ ያገኘዋል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ቡሄ አለ። ከቡናማ ወረቀት ሙልሙል ቆርጦ «ቡሄ» ብሎ የጻፈ ልጅ የ«ቡ»ን የጎን ቅጥያ አውቋታል። ዒድ የሚያከብር ቤተሰብም ጨረቃና ኮከብ ቆርጦ «ዒድ ሙባረክ» ሲያስጽፍ ያችው «ባ» ብቅ ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የ«በ» ቤተሰብ ያለ ቁጣ ይለመዳል። («በዓል» በዓይኑ «ዓ» ይጻፍ ወይስ በአልፋው «አ» የሚለውን የአዋቂዎች ክርክር ልጁ አሥር ዓመት እስኪሞላው ማቆየት ይቻላል።)

ችግሩ ያለው ከወላጆች ዘንድ ነው። ካርዱ እንዲያምር ሲባል እናት ፊደሉን ቀድማ ቆርጣ ታቀርባለች፤ ልጁ የሚተርፈው ሙጫ መቀባት ብቻ ነው። ይህ የእጅ ሥራ ይባል እንደሆነ እንጂ ንባብ አይወጣውም። አንዳንድ አባት ደግሞ የልጁ ጽሑፍ ስሕተት ስላለበት፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶች «ልጁን ፈረንጅ አድርጎ አሳደገው» እንዳይሉት፣ በራሱ እጅ ገልብጦ ይልከዋል። አያት የሚፈልጉት ግን የልጃቸውን ልጅ እጅ ነው። የተንጋደደው «ሸ» እንደተንጋደደ ይሂድ።

ካርዱ መሄዱ ብቻም አይበቃም፤ መልስ ያስፈልገዋል። ስልኩ ሲደወል ልጁ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ለእናቱ ያቀብላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። አያት፣ ወይም ካጠገባቸው ያለ ሰው፣ በወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል «ሥዕልሽ ደረሰኝ። አበባው ያምራል። ከግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት» ብለው ቢጽፉና ፎቶ አንሥተው ቢልኩ ግን ልጅቷ ያንን ሳታነብ አታድርም። የተጻፈው ስለ እሷ ነውና። ከማንኛውም የንባብ መጽሐፍ ይልቅ እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግማ ታያቸዋለች።

ሁለት ሥራ እየሠራ የሚያድር ወላጅ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ያምጣ የሚል ይኖራል፤ እውነትም አለው። እንግዲያው ሸክሙን ኮሙኒቲው ይጋራ። በየዓመቱ በሚዘጋጀው የእንቁጣጣሽ ግብዣ አዋቂው እስክስታ ሲወርድ ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር ስልክ ላይ ተደፍተው ያመሻሉ። ከአዳራሹ ጥግ አንድ ጠረጴዛ፣ ባለ ቀለም ወረቀት፣ መቀስ፣ ሙጫና አማርኛ የሚጽፍ አንድ ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ማግኘት ብዙ ወጪ የለውም። ምግብ ቤቶቻችንም ከላሊበላና ከፋሲል ግንብ ሥዕሎች መካከል ለልጆቹ አበባ ጥቂት ቦታ ቢለቁ፣ ጥሬ ሥጋውን የሚጠብቅ ደንበኛ ጮክ ብሎ የሚያነብበው አያጣም።

መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ደግሞ 12 ይውላል። ካርዱ በፖስታ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ወረቀቱና መቀሱ ከቡሄ በፊት ከጠረጴዛው ላይ ሊቀመጥ ይገባል።