ከጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ



ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ትባላለች። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከአገራችን የሚሄዱ መነኮሳት ያርፉባት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 ሮም ላይ ማሳተም የጀመሩት እዚያ ሆነው ነው። መነኮሳቱ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንደነበሩ አልዘነጋም። ሆኖም ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ሮም የባዕድ ቤት እንዳልሆነች ይሰማኛል።

የቤተ ክርስቲያናችን መጠሪያ «ካቶሊክ» ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ኵላዊ ማለት ነው። ኵላዊነት ግን ሁሉን በአንድ ልክ መስፋት አይደለም። አዲግራትና እምድብር በግእዝ ሥርዓት ይቀደሳል፤ ሶዶና ሆሳዕና በላቲን ሥርዓት። ቁርባኑ አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም በጸሎት ይነሣል።

ለእኔ የዚህች ቤተ ክርስቲያን አባልነት ትልቁ ትርጉም የሚታየኝ በስደት ላይ ባሉት እህቶቻችን ነው። ቤይሩት ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እሑድ ወደ ማታውቀው ደብር ትገባለች። ቋንቋው አይገባትም፤ መቼ መቆም፣ መቼ መንበርከክ እንዳለባት ግን ታውቃለች። «የክርስቶስ ሥጋ» ሲባል አሜን ትላለች፤ አጠገቧ ያለችውም የፊሊፒንስ ሴት አሜን ትላለች።

በዚህ እትም እንዲህ ያሉ ምእመናን በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። አደራ፣ ከእነርሱ ጀምሩ።

አዘጋጁ