የስማዳ ገበሬ ማተቡን በስንዴ አይሸጥም

አንድ የፕሮቴስታንት ድርጅት ስንዴ ይዞ ወይም ምንጭ ሊያጎለብት ወደ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ሲመጣ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል፤ «ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው»። ክሱ ከማርጀቱ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷል። እኔ ልጠይቅ። ጴንጤ ነው እንዳትሉኝ፣ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የበቀለ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሠሩት አውሮፓውያን አገሩ የገቡት በሚሲዮናዊነት ነው። በ1936 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የሚሲዮኖችን ሥራ የሚመለከት ድንጋጌ ሲያወጣም አገሩን ለሁለት ከፈለ። የኦርቶዶክስ አገር በተባለው ክፍል ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል፤ የራሱን ዶግማ ማስተማር ግን ክልክል ነው። በሌላው ክፍል መስበክም ይችላል። ስለዚህ «አክም፣ አስተምር፣ አትስበክ» የሚለው ሐሳብ በመንግሥት ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

ሜኖናይቶች የመጡት በዚያው ዘመን ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ለእርዳታ ገብተው ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ስሙንም በራሳቸው ሰው አልሰየሙትም፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ሰየሙት። የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል እሱ ነው። ድሬሰሮች አሠለጠኑ፣ ደደርና በደኖ ድረስ ሄዱ። ከዚህ ሥራ ዙሪያ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። አዎ፣ ተወለደች። ሐኪም ቤቱና ስብከቱ ጨርሶ አይተዋወቁም ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ አብሬው አልቆምም።

ነገር ግን ቁጥሩን እንይ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሆስፒታልም፣ ትምህርት ቤትም፣ የውጭ ገንዘብም በነበራት በሦስት ዐሥርት ዓመታት የሰበሰበችው አባል 5 ሺህ ገደማ ነው። በጥር 1974 ደርግ ዘጋት። ሕንፃውን ወረሰ፣ የባንክ ሒሳቡን ያዘ፣ መሪዎቹንም ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ አሰረ። የምታድለው አንድ ጣሳ ስንዴ አልነበራትም። ሰዎቹ ከጎረቤትና ከካድሬ ተደብቀው፣ በየቤቱ አምስትም ሰባትም እየሆኑ ተሰበሰቡ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ቆጠራው 34 ሺህ ገደማ ሆኖ ተገኘ! ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በዓለም ካሉት የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በአባል ብዛት የምትበልጠው ይህችው የኛዋ ናት።

እንግዲህ «በስንዴ ነው የሚገዙት» የምትል ሰው ይህን አስረዳኝ። ስንዴው በነበረ ጊዜ አምስት ሺህ፣ ስንዴው ጠፍቶ እስር በመጣ ጊዜ ሠላሳ አራት ሺህ። ምን ዓይነት ግዢ ነው ይሄ?

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የደብረ ታቦርን ሆስፒታል ያቋቋሙት አድቬንቲስቶች ናቸው። ከጉና ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ እዚያ ሲሄድ ኖሯል። ታዲያ ደቡብ ጎንደር አድቬንቲስት ሆነ? ሰው ታክሞ፣ አመስግኖ፣ ለገብርኤል የተሳለውን አስገብቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ክሱ ጴንጤውን መስደቡ አይደለም፣ ገበሬውን መስደቡ ነው። የስማዳና የጋይንት ገበሬ ሴፍቲኔት ከተጀመረ ከ1997 ጀምሮ እርዳታውን በነፃ አልበላም፤ በወር አምስት ቀን እርከን ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፍር፣ ተፋሰስ ሲከልል ነው የኖረው። ጓዳው ባዶ ሆኖ እንኳ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ነው። ይህን ሰው «ግማሽ ኩንታል ካሳዩት ጥምቀቱን ይሸጣል» ማለት ከከተማ ሆኖ መናቅ ነው። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ እርዳታ ድርጅት በአገሪቱ ሁሉ ሥርጭት ያቆሙት እኮ ፓስተር ስለ ሰበከ አልነበረም፤ እህሉ ለተራበው ሳይደርስ ሌላ ቦታ ስለ ተገኘ ነው። ስንዴውን ማን እንደ ወሰደው መጠየቅ ከባድ ስለሆነ ስንዴው ምን እንደ ሰበከ መጠየቅ ይቀለናል።

ለመሠረተ ክርስቶስ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ከእናንተ ታሪክ የሚገኘው ክርክር ለእናንተም ስለት ነው። እምነታችሁ ያለ ስንዴ መስፋት ከቻለ፣ በእርዳታ መጋዘን በር ላይ ትራክት የሚያድል ልጅ ምን ያደርጋል? የተረጂው ስም ዝርዝር በቀበሌው ነዋሪ ፊት ይነበብ፣ ሥርጭቱ ከጸሎት ቤት ግቢ ውጭ ይሁን፣ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ይጸለይልህ አይባል። የሚጸልይ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ይጸልይ፤ ሕገ መንግሥቱም ይፈቅድለታል። በምልመላው ኮሚቴ ውስጥም የደብሩ ቄስ ይግቡና በዓይናቸው ይዩ።

የኛ ደብሮችስ? ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር በየአጥቢያው አለን፤ ለድሀ ማብላትን ከማንም አልተማርነውም። ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ባለው መንገድ ላይ ሜኖናይቱ ምንጭ ሲያጎለብት የሚቆጨን ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ክረምት ከየደብሩ ሙዳየ ምጽዋት ስንት ብር ለዘር እህል እንደሚወጣ ሰበካ ጉባኤዎቻችን አሁኑኑ ይንገሩን።