18 ሲሞላው «ቦዘኔ» የሚባለው ልጅ

ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ በረንዳ ላይ የሚያድር የ17 ዓመት ልጅ በሕግ ፊት ሕፃን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ያለ ወላጅና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲደግፍ ያዛል። 18 ሲሞላው ይህ ድጋፍ አይመለከተውም። የሚጠብቀው በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ነው። አዋጁ ቦዘኔን ሲተረጉም የሚነሳው መሥራት እየቻለ መተዳደሪያ ከሌለው ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ቁማር ወይም ጠብ ከታከለ ወንጀለኛ ይሆናል። ልጁም በረንዳውም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ስሙ ነው።

«ጉልበት አለው፣ ለምን አይሠራም?» ይባላል። ይሠራል እኮ! ሊስትሮ ነው፣ ሸክም ይሸከማል፣ መኪና ያጥባል። የቸገረው አድራሻ ነው። ሥራ ፈላጊ ሆኖ ለመመዝገብ የቀበሌ መታወቂያ አምጣ ይባላል። ለመታወቂያው የቤት ቁጥር ይጠየቃል። ቤት ልከራይ ሲል ደግሞ የሚያውቅህ ሰው ጥራ፣ ቅድሚያ ክፈል ይሉታል። ቀን ያገኛትን ሌሊት የሚያስቀምጥበት ቦታ የሌለው ልጅ ቅድሚያውን ከየት ያጠራቅም?

መፍትሔው የመሸጋገሪያ ቤት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የሚቆለፍ ክፍል፣ መታወቂያ የሚያወጣበት አድራሻ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ቀርቦ የሚመክረው ሰው ያገኛል። በነፃ አይኑር፤ አነስተኛ ኪራይ ይክፈል። ኪራዩም በስሙ ተቆጥቦ ሲወጣ የራሱን ቤት መከራያ ይሁነው።

«ይህ ከተጀመረ ከየወረዳው ይጎርፋሉ» የሚሉ አሉ። መጥተዋል እኮ! በየከተማው የተለመደው አፈሳ ደግሞ ልጁን ከዓይን ያርቀዋል እንጂ ቤት አይሰጠውም።

ወልቂጤና ቡታጅራ ዛሬ የሁለት ዞኖች መቀመጫ ናቸው፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። አቅም የለም የሚል ሰበብ ደግሞ በጉራጌ ምድር አይሠራም። የአዲስ አበባ ጉራጌዎች በ1950ዎቹ መንግሥትን ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ጀፎረውንም ቢሆን የመንደሩ ሰው ለጋራ ትቶ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለመንገድ የተዋጣ ለልጅ መኝታ አይታጣም።

ማዘጋጃ ቤቶቹ ቦታ ይስጡ፣ ዞኖቹ በጀት ይያዙ፣ ባለሀብቱ ግድግዳ ያቁም። መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ልጅ ካለበት ተነሥቶ ቤቱ ይገባል። መናኸሪያው ላይ አውቶቡሱን እያራገፈ ሌላውን ወደ ቤቱ የሚሸኘው ወጣት የት ይግባ? የከተሞቹ ምክር ቤቶች በሚቀጥለው በጀት ይህን ይመልሱ።