ፓችና ክራክ ለየቅል ናቸው



ፈተና ሲያልቅ ከዶርም ዶርም ፍላሽ ይዞራል። አንድ የቆየ ጌም፣ ጌሙን በአዲስ ዊንዶውስ ላይ የሚያስኬድ ፓች፣ እንዲሁም ሳይከፈልበት የሚከፍተው ክራክ በአንድ ፎልደር ተጠቅልለው ይመጣሉ። ተጫዋቹ ሦስቱንም ሳይለይ ይጭናል። «ጌም ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ ወንድሞች ደግሞ ሦስቱንም ሳይለዩ ይኮንናሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የሳቱ ይመስለኛል፦ ፓች የተበላሸን መጠገን ነው፤ ክራክ ግን የሰው ሐቅ መንካት ነው።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1999 የወጣ ነው፤ የሰላሑዲን አል-አዩቢ ዘመቻ ስላለበት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጌሙ የተሠራው በ256 ቀለም ብቻ እንዲሠራ ሆኖ ነው። በኋላ በመጡት ዊንዶውሶች ላይ ሌሎች ፕሮግራሞች የቀለም ሰንጠረዡን ስለሚነኩበት ሣሩና ውኃው ጉድ የሆነ ቀለም ይይዛሉ። ለካሬ የቀረበ ስክሪን ታስቦ የተሠራ በመሆኑም በዛሬው ሰፊ ላፕቶፕ ላይ ምስሉ ይለጠጣል። ዩዘርፓች የተባለው፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩት ማስተካከያ ይህን ሁሉ አቃና። ዋናውን ጌም ይዞ አይመጣም፤ የተጫነ ጌም ላይ የሚደረብ ነው። የጌሙ ባለቤት አንድም ነገር አልተወሰደበትም።

ባለቤቶቹም ቢሆኑ ይህን ሥራ በክፉ ዓይን አላዩትም። በ2012 ፎርጎተን ኢምፓየርስ የተባለውን ሞድ በነጻ የሠሩት ተጫዋቾች በቀጣዩ ዓመት ሥራቸው የጌሙ ይፋዊ ተጨማሪ ክፍል ሆኖ ወጣላቸው። በ2015 የወጣውና ኢትዮጵያውያንን ከነሾተላቸው፣ በርበሮችንም ከታሪቅ ኢብን ዚያድ ዘመቻ ጋር ወደ ጌሙ ያስገባው አፍሪካን ኪንግደምስ የእነዚሁ ሰዎች እጅ አለበት።

ሌላው ምሳሌዬ ሳን አንድሪያስ ነው። ይዘቱን ለማንም አልመክርም፤ የጥገናው ታሪክ ግን ለሶፍትዌር ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 የተባለው ዝማኔ ሲመጣ ስኪመር የሚባለው የባሕር አውሮፕላን ከጌሙ ጠፋ። ጥፋቱ የዊንዶውስ ይመስል ነበር። ሳይለንት በሚል ስም የሚታወቅ የሞድ ሠሪ በ2025 ሥሩ ድረስ ገብቶ መረመረው። የመኪኖችና የአውሮፕላኖች ዝርዝር በተጻፈበት ፋይል ውስጥ በስኪመር መስመር ላይ የጎማ መጠን ቁጥሮች ከመጀመሪያው አልተጻፉም። ጌሙም የጎደለውን ሳያረጋግጥ፣ ከዚያ በፊት ከተነበበው መኪና ሚሞሪ ላይ የቀረውን ቁጥር ይጠቀም ነበር። ለ20 ዓመት ያህል በዕድል ሠራ፤ አዲሱ ዊንዶውስ ያንን የሚሞሪ ቦታ ለሌላ ሥራ ሲጠቀምበት ስህተቱ ተጋለጠ። ሰውየው ማስተካከያውን በነጻ ሰጠ፤ ምክንያቱንም ማንም እንዲማርበት ደረጃ በደረጃ ጽፎ አወጣ። ኢትቃን ማለት ምን እንደሆነ በየዳዕዋው እንሰማለን፤ ማንም የማይከፍልበትን ሥራ እንዲህ ጠንቅቆ መሥራት ከዚያ የራቀ አይመስለኝም።

ወደ ክራኩ እንመለስ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ የባለቤቶቻቸው ሐቆች ናቸው፣ መጣስም አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። «ካምፓኒው ሀብታም ነው፣ እኔ ድሃ ተማሪ ነኝ» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የዶላር ካርድ የሌለው ተማሪ መግዛት እንደሚከብደው እውነት ነው። ግን ከካፌ ሲወጣ የጓደኛውን ጫማ ባለማሳሳት የሚጠነቀቅ ወንድም በዚህ ጊዜ ሐቅን ለምን ይረሳል? ጌም ደግሞ የዕለት ጉርስ አይደለም፤ ዶሩራ የሚባል ነገር እዚህ አይገባም።

አማራጭም አለ። ዜሮ ኤ.ዲ. የሚባለው የስትራቴጂ ጌም የተጸነሰው የዚሁ የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ሞድ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ራሱን የቻለ፣ ኮዱም ክፍት የሆነ ነጻ ጌም ነው። በፍላሽ ማዞሩም ሐላል ነው። ክራክ ግን ከሐቁ ሌላ ቫይረስም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሲኒየር ፕሮጀክት ፋይል ያለበት ላፕቶፕ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አይከብድም።

ጊዜን በተመለከተ የሚነሳው ስጋት ተገቢ ነው፤ አልክድም። ግን ዐስር አዛን ሲል ሴቭ አድርጎ መነሳት ያቃተው ሰው ችግሩ ከፓቹ አይደለም።

ስለዚህ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ኮምፒውተር ሳይንስና ሶፍትዌር የሚማሩ እህትና ወንድሞች በዕረፍቱ ሳምንት አንድ ከሰዓት ይስጡን። ነጻ የሆኑትን ጌሞችና ንጹሕ ፓቾችን ለይተው በአንድ ፍላሽ ያዘጋጁልን፤ እግረ መንገዳቸውንም የሳይለንትን ዓይነት የስህተት ፍለጋ ለጁኒየሮች ያሳዩ። ፍላሹን እኔ አመጣለሁ።