ኮስት ሼሪንጉን በላብራቶሪ ይክፈሉት

በየዓመቱ የባዮሎጂ፣ የባዮቴክኖሎጂ፣ የሜዲካል ላብራቶሪና የፋርማሲ ተማሪዎች ጋዎን ለብሰው ይመረቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንድ የምርምር ጥያቄ ይዞ፣ ከአንድ ተመራማሪ ጎን ቆሞ፣ ሙከራው ሲበላሽበት እንደገና እየጀመረ ሁለት ወር ላብራቶሪ የዋለ ስንቱ ነው? እናንተ የተመረቃችሁበትን ክፍል አስታውሱና ቁጠሩ። በአንድ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ ተሰልፎ በየተራ ማጎንበስ አይቆጠርም። በቡድን ተሠርቶ፣ ግማሹ ካለፈው ዓመት ተመራቂ የተወረሰ የመመረቂያ ጽሑፍም አይቆጠርም።

ይህ ሲነሳ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ መሣሪያ የለም፣ ኬሚካል የለም፣ መብራት ይጠፋል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ዘነበወርቅ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ምርምር ሲሠራ ኖሯል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአክሊሉ ለማ ስም የተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ላብራቶሪ አለን። የጎደለን፣ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከደብረ ታቦር ወይም ከጋምቤላ ተነስቶ ክረምቱን እዚያ እንዲያሳልፍ የሚያስችለው የቤት ኪራይና የምሳ ገንዘብ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሦስቱም ተቋማት አዲስ አበባ ናቸው። አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለውና ሰው የሚያውቅ ተማሪ ያለ ክፍያ ጥቂት ሳምንት ሊሠራ ይችላል፤ ማታ እናቱ ቤት ይገባል። የገበሬው ልጅ ግን ግቢ ሲዘጋ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ወይም የቀን ሥራ ይፈልጋል። ከሁለቱ የትኛው ጎበዝ እንደሆነ ማንም አልፈተነም። ተመራማሪ የሚሆነውን የመረጠው የቤት ኪራይ ነው።

ሌሎች ይህን እንዴት እንደፈቱት ለማየት ሜሪላንድ እንሂድ። ሩቅ አይደለም፣ ከእኛ አንባቢዎች ብዙው እዚያ ዘመድ አለው። አማርኛ በየካፌው ከሚሰማበት ሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቤተስዳ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) ዋና ግቢ አለ። ይህ ተቋም ከአቅመ ደካማ ቤተሰብ ለመጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሆን ስኮላርሺፕ ዘርግቷል። ውሉ ቀላል ነው። ተማሪው በዓመት እስከ 20,000 ዶላር፣ እስከ 4 ዓመት ድረስ ያገኛል። በምላሹ ስኮላርሺፕ ለወሰደበት ለእያንዳንዱ ዓመት ክረምቱን 10 ሳምንት በተቋሙ ላብራቶሪ ይሠራል፤ ከተመረቀ በኋላ ደግሞ አንድ አንድ ዓመት ያገለግላል። ልብ በሉ፣ ክረምቱም አገልግሎቱም በክፍያ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ደመወዝ እየበላና ሙያ እየተማረ ነው።

ይህ ምጽዋት አይደለም። መንግሥት የገዛው የተማሪውን ጊዜ ነው። ክረምቱን ፓርኪንግ ወይም ምግብ ቤት ሊሠራ የነበረው ልጅ ፒፔት ይዞ እንዲውል አደረገ።

ምን አተረፉ? ኪዝሜኪያ ኮርቤትን እንውሰድ። ከሰሜን ካሮላይና የመጣች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ስትማር የታወቀው የማየርሆፍ ፕሮግራም ተማሪና የዚሁ የኤንአይኤች ስኮላርሺፕ ተጠቃሚ ነበረች። በ2008 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቀች። ከ12 ዓመት በኋላ ኮሮና ሲመጣ፣ ኤንአይኤች ከሞደርና ጋር የሠራውን ክትባት ካዘጋጁት ሳይንቲስቶች ግንባር ቀደም አንዷ እሷ ነበረች። የክትባቱ የመጀመሪያ የሰው ሙከራ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ተጀመረ። እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው ከሦስት ቀን በፊት፣ መጋቢት 4 ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ የተጠርጣሪ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ እየላክን ውጤት እንጠብቅ ነበር። መመርመሪያው ሲገኝ፣ በየክልሉ ማሽኑን በእምነት የሚይዝ የሠለጠነ እጅ መፈለግ ሌላ ጭንቀት ሆነ። እነዚያ እጆች ከዓመታት በፊት፣ ገና ተማሪ ሳሉ መሠልጠን የነበረባቸው ናቸው።

አሁን ወደ እኛው ዕዳ እንመለስ። እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኮስት ሼሪንግ ውል ይፈርማል። አሠራሩ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው እየተቆረጠ ይከፍላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የወጪ መጋራቱ ደንብ ለሕዝብ ጥቅም ለተመረጡ ሙያዎች ዕዳውን በአገልግሎት መክፈልን መፍቀዱን ነው። መምህራን በዚህ መንገድ ሲስተናገዱ ኖረዋል። ታዲያ የሕክምና ምርምርን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ምን ይከለክለናል? ተማሪው ሁለት ክረምት በአገር ውስጥ የምርምር ላብራቶሪ ይሥራ፣ ሲመረቅ አንድ ዓመት በደመወዝ ያገልግል፣ ዕዳው ይሰረዝለት። አዲስ ሕግ እንኳ ብዙ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ወጪውን እናስላ። 200 ተማሪ፣ ለ2 ወር ተኩል፣ በወር 10,000 ብር አበል፦ 5 ሚሊዮን ብር። በዛሬ ገበያ አንድ አዲስ ላንድክሩዘር አይገዛም። ኬሚካሉንና ማደሪያውን ጨምሩበት፣ እጥፍ ይሁን፣ ሦስት እጥፍ ይሁን። አሁንም የምናወራው ስለ ጥቂት መኪኖች ነው።

«ሠልጥነው ይሄዳሉ» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ አንዳንዱ ይሄዳል። አሁንም እኮ እየሄደ ነው፤ ያውም ሳይሠለጥን፣ ውጭ አገር ሌላ ሥራ ሊሠራ። ቢያንስ የአገልግሎት ዓመቱን ሰጥቶ የሄደ፣ ከላብራቶሪው ጋር ስሙ የተሳሰረ ሰው ነገ አብሮ የሚሠራበት ምክንያት ይኖረዋል። አክሊሉ ለማ ራሱ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከእነሱ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣ መሞቱን ያስተዋለው፣ የብልሃርዝያን መንገድ እያጠና ወንዝ ዳር የወረደ ወጣት ሳይንቲስት ስለነበረ ነው። እንዶዱን እናቶቻችን በሳሙናነቱ ያውቁት ነበር። ማየት የሠለጠነ ዓይን ሲጨመርበት ግን የበሽታ መከላከያ ሆነ።

እኔን የሚያሳስበኝ መሄዳቸው ሳይሆን ዝምድና ነው። አበል ያለበት ነገር ሁሉ የማን ልጅ እንደሚገባበት እናውቃለን። ስለዚህ ምርጫው ለላብራቶሪው ኃላፊም ለዲኑም መተው የለበትም። ማመልከቻው ያለ ስም ይገምገም፣ የቤተሰብ አቅም ይታይ፣ ከቦታው ብዙው አዲስ አበባ ላልሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ይመደብ፣ ያለፉት ተማሪዎች ከነዩኒቨርሲቲያቸው በይፋ ይለጠፉ። ይህ ካልተደረገ ባይጀመር ይሻላል።

«ለጋሽ እንፈልግለት» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። በ2025 አሜሪካ ለአሥርት ዓመታት የቆየውን ማርክ የተባለ የመጀመሪያ ዲግሪ የምርምር ሥልጠና ፕሮግራም ጨምሮ፣ ለራሷ ልጆች የዘረጋቻቸውን በርካታ መሰል ፕሮግራሞች ቆርጣለች። የራሷን የቆረጠች አገር የእኛን ትከፍላለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከራሳችን በጀት 20 ተማሪ ብቻ ይዞ መጀመር ይሻላል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ «ላብራቶሪ ገብቼ ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ» ሲል «ሐኪም ካልሆንክ ምን ዋጋ አለው?» አትበሉት። ክትባቱን የሠሩት ሁሉ ነጭ ጋዎን ለብሰው በሽተኛ የሚያዩ አልነበሩም። የትምህርት ቤቱን አማካሪ «ለክረምት ምርምር የሚከፍል ፕሮግራም የቱ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፤ የማመልከቻ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ክረምቱ ከመድረሱ ከወራት በፊት፣ ገና በረዶ እያለ ያልፋል።