የሥነ ወሲብ ኮርስ በበይነ መረብ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ከቃላት ይጀመር

በበይነ መረብ የሚሰጥ ኮርስ የመጀመሪያ ሳምንቱ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ተግባራት ያልቃል፦ ተማሪው የይለፍ ቃል ይቀበላል፣ የኮርሱን መግለጫ ያነባል፣ ራሱን ለክፍል ጓደኞቹ ያስተዋውቃል። ለስታትስቲክስ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለሥነ ወሲብ ትምህርት ግን አይበቃም። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆኖ የሚማር ነርስ፣ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዕውቀቱ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ በተጻፈ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በአማርኛ ስትጠይቀው በሚሰጣት መልስም ነው። ስለዚህ የኮርሱ የመጀመሪያ ሥራ ቃላትን በጋራ ማጥራት ሊሆን ይገባል።

አማርኛ ስለ ወሲብ ለመናገር ቃል አላጣም፤ ያጣው በየመድረኩ ያለ ሐፍረት የሚነገር ቃል ነው። «ሩካቤ» የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ነው፤ «ግብረ ሥጋ ግንኙነት» የወንጀል ሕጉን ያስታውሳል፤ «ወሲብ» በከተማ ቢለመድም በገጠር ሽማግሌ ፊት ያስደነግጣል። ተራዎቹ ቃላት ደግሞ ከስድብ አይለዩም። ችግሩ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው በፈቃደኝነት ጽንሰ ሐሳብ ላይ ነው። «ፈቃድ» ሲባል የሥራና የመንጃ ፈቃድ ይታወሳል፤ «ስምምነት» ሲባል የሁለት ወገኖች ውል። የታጨች ልጅ ዝምታ እንደ እሺታ በሚቆጠርበት አካባቢ፣ የእንግሊዝኛውን ትርጓሜ የሸመደደ ተማሪ ፈተናውን ያልፋል እንጂ በዝምታና በእሺታ መካከል ያለውን ልዩነት ለቤተሰብ የሚያስረዳበት ቃል አይኖረውም።

ጉዳዩ የቋንቋ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ይህንኑ ደንግጓል። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች በመጀመሪያ የተዳሩበት መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ነበር። ሕጉ ከተጻፈበት እስከሚኖርበት ቤት ድረስ የሚያደርሰው ንግግር ነው።

ለዚህ ማስረጃው ከምዕራብ ጎጃም ሩቅ አይደለም። ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቀበሌ፣ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተካሂዷል። ፕሮግራሙ ልጃገረዶችን በሴት አማካሪዎች በሚመሩ ቡድኖች አሰባሰበ፣ የትምህርት ቁሳቁስ ሰጠ፣ ማኅበረሰቡን አወያየ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም ማበረታቻ ሰጠ። አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ግምገማ መሠረት፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ትምህርት ላይ የመቆየታቸው ዕድል ጨምሯል፣ የመዳራቸው ዕድል ቀንሷል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን የጋብቻ መዘግየት አልታየም። ፕሮግራሙ በርካታ ክፍሎች ስላሉት ውጤቱን ለንግግር ብቻ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም የሁሉም ማያያዣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ፊት ለፊት የተደረገ ውይይት ነበር። ዘግይቶ የሚጀመር ትምህርት ብዙዎቹን እንደማይደርስባቸውም ያሳያል።

የርቀት ትምህርትም ለዘርፉ እንግዳ አይደለም። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደረጃ ማሻሻያ ከተዘጋጁት 13 ሞጁሎች አንዱ የአፍላ ወጣቶችና የወጣቶች ሥነ ተዋልዶ ጤና ነው። የሞጁሎቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የባለሙያዋ የዕለት ሥራ ግን በአርሶ አደሩ ቤት፣ በአማርኛ ነው። ትርጉሙን ለብቻዋ እንድትወጣው ተትቶላታል።

ስለሆነም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ኮርስ ሲከፍቱ የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ይበጃል። አንደኛ፣ ተማሪዎች ሠላሳ ያህል ቁልፍ ቃላትን ለክፍል፣ ለክሊኒክና ለቤተሰብ በሚስማማ አማርኛ ይፍቱ፤ የተስማሙበትም መፍትሔ የኮርሱ መዝገበ ቃላት ይሁን። ሁለተኛ፣ የመተዋወቂያው ጽሑፍ ስለ ግል ሕይወት አይጠይቅ፤ ውይይቱም በመለያ ቁጥር ይካሄድ። አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ በሚያገለግልበት ቤት ምስጢር መጠበቅ ከይለፍ ቃል በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ከኔትወርክ ውጭም የሚነበብ ይሁን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡ የታተመ ሞጁል አሁንም አስፈላጊ መሆኑን አስተምሯል።

የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛም የሁሉም ተማሪ አፍ መፍቻ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ የሚያመራው ግን ወደ እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ወደ ሰፋ መዝገበ ቃላት ነው። ከአዊ የመጣ ተማሪ የአገውኛውን ዓምድ ይጨምርበት። እንግሊዝኛው ከምርምሩ ዓለም ጋር ያገናኛል፤ ጥያቄዋን ይዛ ወደ ጤና ኬላ ለመጣች ልጅ ግን መልሱ በምትሰማው ቋንቋ ካልተዘጋጀ፣ ኮርሱ ከስልኩ መስኮት አልፎ አልወጣም ማለት ነው።