«ጥሪ አልወጣም»



ይህ ወር የሻንጣ ወር ነው። በብዙ ቤት አንሶላና ብርድ ልብስ ተገዝቷል፣ በሶ ተዘጋጅቷል፣ ቆሎ ተቆልቷል፣ ለዶርም ሎከር የሚሆን ጓጉንቸር ሳይቀር ታስቦበታል። እናት ዕቃውን ደጋግማ ትቆጥራለች፤ አባት «ስትደርስ ደውል» ይላል። አውቶቡሱ ሲነሳ እጃችንን እናውለበልባለን። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሰን «እፎይ፣ የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ አለቀ» እንላለን።

እኔም ብዬ ነበር። ያ አባባል ምን እንዳስከፈለን ላጫውታችሁ።

የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። ሽኝቱ ትንሽ ሠርግ ይመስል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ለክረምት ቤት ሲመጣ ከስቷል። «የካፌ ምግብ ነው» አለን፤ አመንነው። መስከረም አለፈ። የሰፈር ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ እሱ ግን ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። እናቱ ስትጠይቀው «ጥሪ አልወጣም፣ እማ» ይላል። ጥቅምትም ገባ። «የእኛ ግቢ ዘንድሮ ዘግይቷል። ጥሪ አልወጣም።»

አንድ ቀን ቡና ላይ ጎረቤታችን ስለ ልጇ ታወራለች። ልጅቷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። እህቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ተነሳች። ለካ ጥሪው ወጥቷል። ከተጠሩት መካከል እሱ አልነበረም እንጂ።

በማግስቱ እናትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሬጅስትራር ቢሮ ያገኘቻቸው ሠራተኛ ፋይሉን ከፍታ አየችና እንዲህ አለች፤ «እናቴ፣ አንደኛው ሴሚስተር ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ሁለተኛው ላይ ከሚድ ፈተና በኋላ ክፍል አልገባም፣ ፋይናልም አልተፈተነም። ሲከብደው መጥቶ የዊዝድሮዋል ቅጽ ቢሞላ ኖሮ ዘንድሮ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ይመለስ ነበር። ሳይናገር ስለጠፋ ግን ኮርሶቹ ሁሉ ኤፍ ሆነውበታል።» ቀጥላም አሁን ድረስ ከጆሮዬ የማይጠፋውን ቃል ተናገረች፤ «መውደቁ አይደለም የጎዳው። ብዙ ልጅ ይወድቃል፣ ብዙም ይመለሳል። የጎዳው ዝም ማለቱ ነው።»

እህቴ ይህን ደውላ ስትነግረኝ አንድ ነገር ገባኝ። ያን ሁሉ በሶና ብርድ ልብስ ስናሰናዳ ልጁ የሚተዳደርበትን ሕግ አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ካርድ ወደ ቤት አይመጣም

እስከ 12ኛ ክፍል ካርዱ ቤት ይመጣል፣ ወላጅ ይፈርማል። መምህሩ ሲቸገር ወላጅ ያስጠራል። ዩኒቨርሲቲ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ውጤቱ ተማሪው ራሱ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ይታያል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚደርሰው ለእሱ ነው። ተቋሙ ልጃችሁን እንደ አዋቂ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ እናንተ የምታውቁት እሱ የነገራችሁን ብቻ ነው። እሱ የሚነግራችሁ ደግሞ መናገር የሚያስችለው ቤት ካለው ነው።

2.00 ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ አጠቃላይ አማካይ ውጤቱ፣ ማለትም ሲጂፒኤው፣ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ደግሞ 0 ነጥብ አላቸው፤ በመሃል የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላቸው አሉ። ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት አወር ይባዛል፣ ይደመራል፣ ከዚያ ለጠቅላላው ክሬዲት አወር ይካፈላል።

ኤፍ ክፉ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ዜሮ ቢሆንም ክሬዲቱ ይቆጠራል። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ያላቸው ስድስት ኮርሶች የወሰደች ተማሪ በአራቱ ቢ፣ በሁለቱ ኤፍ ብታገኝ 36 ነጥብ ለ18 ክሬዲት ይካፈልና ልክ 2.00 ላይ ትቆማለች። አራት ቢ ያላት ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ግን ገደል አፋፍ ላይ ናት። ከሁለቱ አንዱን ኮርስ በጊዜው በሕጋዊ መንገድ ብትተወው ኖሮ 36 ለ15 ተካፍሎ 2.40 ይሆንላት ነበር።

ጊዜም ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። በአንደኛው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ወስዶ 1.60 ያመጣ ልጅ በሁለተኛው 2.40 ቢያመጣ አጠቃላዩ 2.00 ይገባለታል። ሁለት ሴሚስተር በ1.60 ከቆየ ግን በሦስተኛው 2.80 ያስፈልገዋል። ሦስት ከቆየ 3.20። በአንደኛው ሴሚስተር በጥቂት እርዳታ የሚሻገረው ወንዝ በየሴሚስተሩ ይሞላል ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛው ዓመት በአብዛኛው የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ሆኗል፤ የትምህርት ክፍል ምደባም የዚያን ዓመት ውጤት ከግምት ያስገባል። «የመጀመሪያው ዓመት ለመላመጃ ነው» የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል።

«ተባረረ» የሚለው ቃል

ውጤቱ ከተወሰነው በታች የሆነ ተማሪ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይችላል፤ ተማሪዎቹ «ዋርኒንግ» ወይም «ፕሮቤሽን» ይሉታል። ማስጠንቀቂያ ማለት ትምህርቱን ይቀጥላል፣ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር ማሻሻል አለበት ማለት ነው። ውጤቱ ከዚያም በታች ከሆነ፣ ወይም ማስጠንቀቂያው ከተደጋገመ፣ የአካዳሚክ ስንብት ይመጣል። የቁጥሩ ወሰን ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዓመት ዓመትም ይለያያል፤ የየተቋሙ የሴኔት ሕግ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እኛ ቤት ግን ይህ ሁሉ አንድ ስም ነው ያለው፤ «ተባረረ»። የሰው ዕቃ የሰረቀም ተባረረ፣ ሁለት ኮርስ የከበደውም ተባረረ። ሕጉ ራሱ ሁለቱን ይለያቸዋል። በዲሲፕሊን መሰናበት ሌላ ነው፣ በውጤት መሰናበት ሌላ። በውጤት ለተሰናበተ ተማሪ እንደ ሁኔታው እንደገና የማመልከት ዕድል ይሰጣል፤ ጨርሶ መሰናበት የሚባለው ደግሞ ለብቻው አለ። ልጃችሁ የትኛው እንደደረሰው ሳታውቁ «ተባረረ» ብላችሁ አታልቅሱ። እሱም ያንን ቃል ፈርቶ ነው የሚደበቀው።

በሮቹና ቀናቸው

ሕጉ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ በሮች አሉት። ሁሉም ግን ቀን አላቸው።

ኮርስ መጨመርና መተው፦ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ጥቂት ቀናት ውስጥ «አድ እና ድሮፕ» የሚባል ጊዜ አለ። ተማሪው ከአማካሪ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ሸክሙን የሚያስተካክለው ያኔ ነው።

በሕጋዊ መንገድ ማቋረጥ፦ ልጁ ቢታመም፣ ቤተሰብ ውስጥ ሐዘን ቢደርስ፣ ወይም ሴሚስተሩ ቢከብደው የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልቶ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍና የዶርሙን ንብረት መልሶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ ይወጣል። በዚህ መንገድ የወጣ ልጅ ተመልሶ ለመቀጠል በእጁ ወረቀት አለው። ምክንያቱ ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃው በዚያው ሰሞን መቅረብ አለበት፤ ከወራት በኋላ የሚመጣ ወረቀት ዋጋው ያንሳል።

ያልተሟላ ውጤት፦ በበቂ ምክንያት ፋይናል ያመለጠው ወይም ሥራውን ያልጨረሰ ተማሪ «ኢንኮምፕሊት» ሊያዝለት ይችላል። ይህ እረፍት አይደለም። በተወሰነው ጊዜ ካልተሟላ ወደ ኤፍ ይለወጣል።

የውጤት ቅሬታ፦ «ይህ የእኔ ውጤት አይደለም» የሚል ተማሪ ወረቀቱ እንደገና እንዲታይለት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። መጀመሪያ መምህሩን፣ ከዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን፣ ከዚያ ዲኑን። ቀኑ አጭር ስለሆነ ውጤት እንደተለጠፈ መነሳት ያስፈልጋል።

እንደገና መግባት፦ «ሪአድሚሽን» የሚባለው በራሱ አይመጣም። ማመልከቻ አለው፣ የማመልከቻ ጊዜ አለው፣ የሚወስን አካልም አለው። የጥሪ ማስታወቂያ ሲወጣ ይህም ቀን አብሮ ስለሚገለጽ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አንድ በር ደግሞ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪዎች ዲግሪ ለመቀበል የመውጫ ፈተና ማለፍ አለባቸው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የግል ኮሌጅ ክፍያ በወር በወር የምትከፍሉ ወላጆች ይህን አስቡበት። በተገፋ ሲ የታለፈ ኮርስ እዚያ ተመልሶ ይጠየቃል።

የእኛ ድርሻ

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የእህቴ ልጅ አንደኛው ሴሚስተር እንዳለቀ ደውሎልኝ ነበር። እናቱ ቤት ስለነበርኩ ስልኩን ተቀበልኩና «እህ ጎበዙ! አራት ነጥብ ነው ወይስ ትንሽ ጎደለ?» አልኩት። ሳቀ። «ደህና ነው፣ አክስቴ» አለና ስለ አየሩ አወራን። በኋላ ሁሉ ነገር ከወጣ ጠየቅሁት። «ያን ቀን ልነግራችሁ ነበር የደወልኩት» አለኝ። «አንቺ ስትቀልጂ፣ እማ ደግሞ ከኋላ “የእኔ ኩራት” ስትል ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ከየት ልጀምር?»

ይህን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ ፍቅር የሰጠነው መስሎን ነበር። እሱ ግን የሰማው «ከአራት ነጥብ በታች ይዘህ እንዳትመጣ» የሚል ነው። በሩን የዘጋነው በቁጣ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እናውቀው ነበር። በሙገሳ ነው የዘጋነው።

ስለዚህ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ በሉ። የሚከተሉትን አድርጉ፦

የዩኒቨርሲቲውን የሴኔት ሕግ ወይም የተማሪ መመሪያ ልጃችሁ እንዲያገኝ ጠይቁት። ማስጠንቀቂያ በስንት ይሰጣል? ስንብት በስንት? ክፍል የመገኘት ግዴታው ምን ያህል ነው? እሱ ለእናንተ ያስረዳ። አስተማሪ ሲሆን ራሱም ይማረዋል።

የትምህርት ዘመኑን ካላንደር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ኮርስ የሚተውበት፣ ሕጋዊ ማቋረጫው የሚያበቃበት፣ ፋይናል የሚጀመርበት ቀን የት እንደሆነ ሁላችሁም እወቁ።

ስትደውሉ «ስንት አመጣህ?» አትበሉ። «የትኛው ኮርስ ከበደህ? አማካሪ መምህርህን አገኘኸው?» በሉ። ሚድ ፈተና ሰሞን የተጠየቀ ጥያቄ መፍትሔ አለው። ሐምሌ ላይ የተጠየቀ ፀፀት ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ይህን ቃል በአፋችሁ ንገሩት፤ «ማስጠንቀቂያ ቢደርስህ መጀመሪያ የሚሰማው እኔ ልሁን። አልቆጣም አልልህም። ምናልባት እቆጣለሁ። ግን በማግስቱ አብረን ሬጅስትራር እንሄዳለን።» ልጆች የማይቆጣ ወላጅ የለም ብለው ያውቃሉ። ማወቅ የሚፈልጉት ከቁጣው በኋላ ምን እንደሚከተል ነው።

የእህቴ ልጅስ? ያ ዓመት ቤት ውስጥ ከባድ ነበር። ዘመድ ሲመጣ ጓዳ ይገባ ነበር። አባቱ ለሁለት ወር ያህል ከሰላምታ ውጭ አላናገረውም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እሱው ራሱ ማመልከቻውን አብሮት ቁጭ ብሎ ጻፈ። ልጁ ባመለከተ በዓመቱ ተመለሰ፤ ኤፍ የሆኑትን ኮርሶች ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ ደገማቸው። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው። ውጤቱ 2.31 ነው፤ ይህን ቁጥር የማውቀው እሱ ራሱ ደውሎ ስለነገረኝ ነው። «አክስቴ፣ ብዙ አይደለም» አለኝ። «እውነተኛ ነው ወይ?» አልኩት። «እውነተኛ ነው» አለ። ቡናዬን ያኔ ጠጣሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ልጆቻችሁን ስትሸኙ በሶውንም አትርሱ፣ ጓጉንቸሩንም አትርሱ። ግን ሳይፈራ የሚደውልበትን ቤትም አብራችሁ ስጡት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።